የወደቦች ጥበቃና የሠራተኛው ንቃት

ባሕር የሌለው አገር ሕዝብ ስለ ወደብ ኮምፒውተር ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ በቀበሌው ሱቅ የሚገዛው ዘይት፣ ለፋብሪካው የሚመጣው መለዋወጫና በገበሬው ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ በየት በኩል እንደገባ ይጠይቅ። ከወጪና ገቢ ንግዳችን አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። የወደብ መረጃ ሲታወክ የሰፊው ሕዝብ ገበታም እንደሚታወክ ግልጽ ነው።

ጁን 27 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. በአንድ የዩክሬን የሒሳብ ፕሮግራም ማሻሻያ አማካይነት የተሠራጨው ኖትፔትያ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ መርስክን መታ። ከሮተርዳም እስከ ሙምባይ የኩባንያው ተርሚናሎች ታወኩ፤ በየበሩ የጭነት መኪናዎች ተሰለፉ። 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተዘጋጁ። ኪሳራውም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

መንስኤውን ከመረመርን፣ ችግሩ የጠላት ብልጠት ብቻ አልነበረም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ዘገባ እንደሚያስረዳው፣ የኮምፒውተሮቹን ጥበቃ የማጠናከር ዕቅድ ጸድቆ በጀት ቢመደብለትም፣ ለኃላፊዎቹ ጉርሻ መመዘኛ ስላልነበረ ሳይፈጸም ቀረ። የግል ጥቅም የሥራ መመሪያ በሆነበት ሁሉ የጋራ ንብረት ጥበቃ ወደ ጎን መገፋቱ አይቀሬ ነው።

መድኅኑ የተገኘው ማንም ካልጠበቀው ስፍራ ነበር። የመረቡን መዝገብ የያዙት ዋና ሰርቨሮች እርስ በርስ ስለሚገለባበጡ በአንድነት ሲጠፉ፣ በጋና የነበረው አንዱ ብቻ መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተለይቶ ስለነበር ተረፈ። መብራት በጠፋ ቁጥር ስናማርር ለኖርን ለእኛ ይህ የሚያስፈግግ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ታላቅ ኩባንያ ደኅንነት በአጋጣሚ ላይ መውደቁ አያስፈግግም። በእነዚያ ቀናት ዕቃው እንዲንቀሳቀስ ያደረገው ወረቀትና እስክርቢቶ ይዞ ሌት ተቀን የሠራው ላብ አደር ነው።

የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የመርከብ ኩባንያዎች ይህን አደጋ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደኅንነት አሠራራቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ወስኗል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ግን ደርባንን ጨምሮ የደቡብ አፍሪካ ወደቦች ተመሳሳይ ጥቃት ደርሶባቸው ሥራቸው ተስተጓጉሏል።

የእኛም የጉምሩክና የደረቅ ወደብ ሥራ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው፤ ይህንንም እንደግፋለን። ሆኖም የመረጃው ቅጂ ከመረቡ ተለይቶ ይቀመጣልን? ኮምፒውተሩ በቆመ ቀን በሞጆ ያለው ሠራተኛ ጭነቱን በእጁ መዝግቦ ለማስወጣት ተለማምዷልን? የሠራተኛ ማኅበራት እነዚህን ጥያቄዎች በስብሰባቸው አንሥተው ከሥራ አመራሩ መልስ በጽሑፍ እንዲጠይቁ እናሳስባለን።