ለዳገት የሚሆን የኤሌክትሪክ ብስክሌት

የዕቁብ ገንዘባችሁን ይዛችሁ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ልትገዙ ብትወጡ፣ ሻጩ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ፍጥነቱን ነው። ከደብረ ማርቆስ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ጭና ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ፣ ወደ ሮብ ገበያ ለምትመለስ ቸርቻሪ እናት ግን ፍጥነት ምን ይረባታል? የእርሷ ጥያቄ «ከነጭነቴ ዳገቱን ያወጣኛል ወይ?» የሚል ነው።

እስቲ እናስላው። እናቲቱ 55፣ ብስክሌቱ 25፣ ጭነቱ 50 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 130 ኪሎ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ይህን ክብደት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ጎማው ላይ 400 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ፔዳል እየመታች ብታግዘው 100 ዋት ገደማ ልታክልበት ትችላለች። የቀረው የሞተሩ ዕዳ ነው።

ሞተሩ የት እንደ ተገጠመ ተመልከቱ። አንዳንዱ በኋላ ጎማው እምብርት ላይ ተቀምጦ ጎማውን በቀጥታ ያዞራል። ድምፅ የለውም፣ ብልሽቱም ጥቂት ነው፤ ለሜዳ ከተማ ይስማማል። ዳገት ላይ ግን ጎማው ሲንቀራፈፍ ሞተሩም አብሮ ይንቀራፈፋል፤ ከባትሪው የሚስበው ኤሌክትሪክም ከመግፋት ይልቅ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የእንጀራ ምጣዳችን ሽቦ እንዲግል ተብሎ የተሠራ ነው። የሞተር ሽቦ ግን ለዚያ አልተሠራም፤ ሲግል ልባሱ ይቃጠላል፣ የዕቁቡም ገንዘብ አብሮ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ዓይነት እዚያው ጎማው ላይ ሆኖ በውስጡ ትንንሽ ጥርሶች አሉት። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ጎማው በዝግታ ስለሚዞር ዳገት ላይ ከመጀመሪያው ይሻላል። ጎማው ባለ 26 ኢንች መሆኑ ቀርቶ ባለ 20 ቢሆን፣ ያው ሞተር 30 በመቶ የበለጠ ይገፋል። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ጥቂት ነው።

ሦስተኛው ፔዳሉ አጠገብ ተገጥሞ ኃይሉን በሰንሰለቱ በኩል ያስተላልፋል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ የሚወጣ የጭነት መኪና አንደኛ ማርሽ እንደሚያስገባ፣ ይህም ሞተር በብስክሌቱ ማርሽ ይጠቀማል። ከፊት 32፣ ከኋላ 34 ጥርስ ቢኖረው ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሙሉ ዙር እንኳ አይሞላም። ቀስ ይላል፤ ግን ይወጣል። ሰንሰለቱን ግን ቶሎ ይበላል፤ ማርሽ ሲቀየርም ጉልበቱን ለቀቅ ማድረግ ያሻል።

በበኩሌ ለሮብ ገበያ መንገድ ይህን ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ በአቅራቢያችሁ ሰንሰለትና ጥርስ የሚለውጥ ሠራተኛ ካለ ማለቴ ነው። ከሌለ፣ ትንሽ ጎማ ያለው ሁለተኛው ይበቃል። በነገራችን ላይ፣ የደጋው ስስ አየር የቤንዚን ሞተርን ጉልበት ሲቀንስ የኤሌክትሪኩን ግን አይነካውም።

የኤሌክትሪክ ሂሳቡ አያስፈራችሁ። ባለ 48 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 480 ዋት ሰዓት ነው፤ 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ ይህን ያህል የሚጨርሰው በ8 ደቂቃ ገደማ ነው። ባትሪውን ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ውጭ፣ ከዝናብም ጠብቃችሁ ሙሉት።

ድንች ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ መውረድም አለና፣ ሳትከፍሉ በፊት የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን በጭነት ቁልቁለት ላይ ሞክሩት።