ስለ መሥሪያ ቤት መኪናዎች ባትሪ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ «ኤሌክትሪኩ ተበላሽቷል» እየተባለ የሚቆሙ አዳዲስ መኪናዎችን ስለማይ፤ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለአንባቢዎችዎ እንድገልጽ ጥቂት ቦታ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ በትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተሩን በራሳቸው ያጠፋሉ፤ ነጂው እግሩን ከፍሬኑ ሲያነሣ ወይም ፍሪሲዮን ሲረግጥ ደግሞ መልሰው ያስነሣሉ። አሳቡ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፤ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1974 ክራውን በተባለው መኪናው ላይ ሞክሮታል። ነገር ግን ሞተርን በአንድ ጉዞ ደጋግሞ ማስነሣት ባትሪን ያደክማል። ስለዚህ ለእነዚህ መኪናዎች ኤ.ጂ.ኤም. ወይም ኢ.ኤፍ.ቢ. የተባለ ባትሪ ታዝዞላቸዋል። የፊተኛው አሲዱን ከመስተዋት ክር በተሠራ ምንጣፍ ውስጥ መጥጦ የያዘ ነው፤ የኋለኛው ተራው የውሃ ባትሪ ተጠናክሮ የተሠራ ነው። በእነዚህ ፈንታ ተራ ባትሪ ቢገባ መኪናው ለጊዜው ይነሣል፤ ውሎ አድሮ ግን ባትሪው ይደክማል፤ ማጥፊያና ማስነሻው ሥራውን ያቆማል፤ የማስጠንቀቂያውም መብራት ይበራል።

ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ መሥሪያ ቤት አውቶሞቢል ለትምህርት ጉዳይ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሄጄ አደርሁ። በማግሥቱ ጧት መኪናው አልነሣ አለ። ነጂው አዝኖ፤ «መምህር፤ ሞተሪኖው አዲስ ነው፤ ዲናሞውም ታይቷል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም» አለኝ። ኮፈኑን ከፍተን ብናይ ባትሪው ተራ ባትሪ ነበር። ከእኛ ጋር ወደ ሆስፒታል ሊሄዱ የተዘጋጁ አንድ ሕመምተኛ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ ቀትር ድረስ ጠበቁ። ለሞተሪኖው የወጣው ገንዘብ ትክክለኛውን ባትሪ ለመግዛት ይረዳ ነበር።

ጥፋቱ የነጂው አይደለም፤ የግዥ ሕጉም አይደለም። ሕጉ የሚለው ከተጠየቀው ዝርዝር ጋር የሚስማማውና ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው ይገዛ ነው። የግዥ መጠየቂያው ግን «ባለ 12 ቮልት፤ 60 አምፔር ባትሪ» ብሎ ያበቃል። ዐይነቱ ካልተጻፈ ርካሹ ተራ ባትሪ ያሸንፋል፤ ኮሚቴውም በሕግ ተከላክሎ ይፈርማል። ይህ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ብርዱ ይጨመርበታል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥልባታል። የሊድ ባትሪ በዜሮ ዲግሪ አጠገብ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከቢሮ ወደ ገበያ፤ ከገበያ ወደ ቢሮ የሚደረገው አጭር ጉዞም ያጣውን አይመልስለትም።

ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥ በፊት መለካት ይገባል። በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይሞቅ፤ ቀበቶ ሳይታሰር ወይም ኮፈኑ በደንብ ሳይዘጋ ማጥፊያና ማስነሻው ባይሠራ ብልሽት እንዳልሆነ ይታወቅ፤ ማቋረጫ ቁልፉም ተጭኖ እንደሆነ ይታይ። ቀጥሎ መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ባትሪው በቴስተር ይለካ፤ ጤነኛና ሙሉ ከሆነ ከ12.6 እስከ 12.8 ቮልት ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ቻርጅ ይደረግ። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ አንዳንድ መኪና ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ይህን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ በአንድ ልኬት ብቻ ዲናሞ አይኰነን። የባትሪው ማያያዣዎችና ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደው ሽቦም ይጽዱ፤ ይጥበቁ።

በብዙዎቹ መኪናዎች በኔጌቲቩ ጫፍ ላይ የባትሪውን ኃይል የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ አለ። ቻርጅ ሲደረግ ወይም ከሌላ መኪና ኃይል ሲወሰድ ኔጌቲቩ ሽቦ በባትሪው ጫፍ ላይ ሳይሆን በሞተሩ ብረት ላይ ይያያዝ፤ አለዚያ መሣሪያው የገባውን ኃይል አይቆጥረውም። በአንዳንዶቹ ደግሞ አዲስ ባትሪ መግባቱን በመመርመሪያ ኮምፒዩተር ማስታወቅ ግድ ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ወስኗል። እንግዲህ በእጃችን ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነውና በከንቱ ግቢ ማሞቅ የለባቸውም።

የግዥና የንብረት ክፍል ባልደረቦችን የምለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በመጠየቂያው ላይ የባትሪው ዐይነት ከመኪናው መጽሐፍ ተገልብጦ ይጻፍ፤ ጋራዡ ዕቃ ከመለወጡ በፊትና በኋላ የለካውን ቮልት በደረሰኙ ላይ ያስፍር፤ ልኬት የሌለው ሒሳብም አይከፈል። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ መስመር ቀለም ብቻ ይጠይቃል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደብረ ብርሃን