ከተጣለች ካንዴላ

መኪና ጠዋት ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ለቅቃ ትንሽ ቆይታ ከተወች፣ መካኒክ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የቫልቮቹ አንገት ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ ጎማ ነው። ጎማዋ ስትደርቅ መኪናው ቆሞ ባደረበት ዘይት ወደ ሲሊንደር ታንጠባጥባለች። እሷ ራሷ ርካሽ ናት፤ ውዱ እሷ ጋ መድረሱ ነው። ብዙ ጋራዥ ስትሄዱ “ቴስታታ ይወርዳል” ትባላላችሁ። ቴስታታ ወረደ ማለት ደግሞ የሞተሩ ውኃ ይፈሳል፣ ጓርኒሲዮን ይገዛል፣ አንዳንዴም ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል። ባለመኪናው እስከዚያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ጣጣ የምታስቀር መሣሪያ አለች። ፋብሪካ የሠራትም ትሸጣለች፣ እኛ ግን የምናወራው ስለ ቤት ሠራሿ ነው። አሮጌ ካንዴላ ይወሰድና ሸክላዋን የያዘው የላይኛው ጠርዝ በሞረድ ይበላል፤ ነጩ ሸክላ ይወጣል፤ ከታች ያለችው ምላስም ትቆረጣለች። የሚቀረው ባለጥርሱ ብረት ነው፣ መሃሉ ክፍት። እሱ ላይ የኮምፕሬሰር ጎማ የሚሰካበት ጫፍ ይበየዳል። በቃ፣ ይኸው ነው! መሣሪያዋ ካንዴላው ቦታ ትታሰራለች፤ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ አየር ይሞላል። አየሩ ቫልቮቹን ከሥር ደግፎ ስለሚይዝ ሞላው ተፈትቶ ጎማዋ ትቀየራለች። ቴስታታው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። (ኮምፕሬሰር የሌለውማ በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ አስገብቶ፣ ጫፉን ውጭ አስቀርቶ፣ ፒስተኑን በእጁ ወደ ላይ እያዞረ ገመዱን ቫልቮቹ ሥር ያስጨንቀዋል። ይሠራል።)

ታዲያ እንዲህ ያለውን ሥራ “የሰፈር ሥራ” ብሎ የሚያጣጥል ወጣት ሲበዛ ይገርመናል። ስልኩ የተሰበረበት ልጅ ጠጋኝ ፍለጋ መርካቶን ሲያካልል ይውላል፣ መካኒኩ ግን በራሱ የበየደውን ብረት ሲያወጣ ፊቱን ያጨማድዳል። ምናለሽ ተራ ከበርሜል ምድጃ፣ ከፌሮ መጥበሻ የሚያወጡትን ሰዎች ለፈረንጅ ቱሪስት እናሳያለን። ጋራዥ ውስጥ ያው እጅ ሲሠራ ግን ድህነት ይመስለናል።

ነገሩ የኪስ ጉዳይም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ኤሌክትሪኩን መግዛት ለማይችል ሰው ያቺው አሮጌ ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ትጠበቃለች ማለት ነው። ሞተር በተፈታ ቁጥር አዲስ ዕቃ በሚያስገዛ አሠራር ደግሞ አትዘልቅም።

ሁሉንም ቤት ሠራሽ ግን አናጨበጭብለትም። የእገዳ ሞላ መጭመቂያ፣ ማለትም ያንን ከጎማው በላይ ያለውን ወፍራም ሞላ የሚያስረውን፣ በፌሮና በብየዳ መሥራት እብደት ነው። ብየዳው ከለቀቀ ሞላው የሚያገኘው ፊት ነው። መኪና ከፍ አድርጎ የሚሸከም ድጋፍም እንደዚያው፤ ሥሩ ሰው ይተኛል። የካንዴላዋም ቢሆን ጨዋታ አይደለችም። ፒስተኑ ትንሽ ካለፈ አየሩ ሞተሩን በድንገት ያዞረዋል፣ ቁልፍ ፑሊው ላይ ረስቶ የተወ ሰው ጣቱን ይከፍላል። አየሩ መሃል ላይ ከጠፋና ቫልቩ ከወደቀ ደግሞ ያው ቴስታታ መውረዱ ነው።

እኛን ደስ የሚለን ግን ይኸው ነው፤ ይህችን መሣሪያ የሚሠራ ልጅ ፒስተኑ የት እንደቆመ፣ ቫልቮቹ መቼ እንደሚዘጉ ሳያውቅ አይጠቀምባትም። ስለ አራቱ ምት በወረቀት ተጠይቆ ክብ ከሚያደርገው መልስ ይህ ይሻላል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለአውቶ ተማሪዎቻቸው ምዘና ሲያዘጋጁ አንድ የተጣለች ካንዴላ፣ አንድ ሞረድና የብየዳ ማሽን ቢሰጧቸው ምን አለበት? ሠርቶ ይምጣ፣ ሞተር ላይ ይሰር፣ አየር ይሙላ። በጥርሱ በኩል ከነፈሰ ይድገም።