መተማና ገላባት

ሰንጋ ተራ ስሟ ሰንጋን ቢያስታውስም፣ ጾም ሲገባ ከየቤቱ የሚሸተው የተቆላ ሰሊጥ ነው። የቤት እመቤት ሆይ፣ ፍትፍቱን ስታሰናጂ ሰሊጡ ከወዴት እንደ መጣ ጠይቀሽ ታውቂያለሽን? ምናልባት ከመተማ ይሆናል።

መተማ ዮሐንስንና የሱዳኑን ገላባት የሚለያቸው አንድ ፈፋ ነው፤ ድልድዩን በእግር መሻገር የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በዚያ ቈስለው ዐረፉ፤ ከተማዪቱም ስማቸውን ይዛ ቀረች። ወሰኑ በውል የተጻፈው ግን ከ13 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተዋዋሉ ጊዜ ነው።

የገበሬው ሐሳብ ግን በሰሊጡ ላይ ነው። የፍሬው ቅርፊት ደርቆ ከተከፈተ ሰሊጡ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይታጨዳል፣ ነዶውም ቆሞ ይደርቃል። ለዚህ የጥቂት ሳምንታት ሥራ የደጋ ጎልማሶች ወደ ቆላው ይወርዳሉ። እናቶቻቸው ከድካሙ ይልቅ ወባውን ይፈራሉ፤ መፍራታቸውም አለ ምክንያት አይደለም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ስደተኞች ልጆቻቸውን ይዘው በዚሁ በር ገቡ። ከእነርሱም መካከል ሠርተው ሊያድሩ ወደዚያ የሄዱ የእኛ ልጆች ነበሩ።