የትራክ ልክ በማን እጅ ነው?

አንድ የዲስክ ትራክ ምን ያህል ይይዛል ተብለን ስንጠየቅ፥ ከመጽሐፍ ያጠናነውን አኃዝ እንደ ጸሎት መድገም ለምዶብናል። አኃዙ ሐሰት አይደለም፤ ግን ጐደሎ መልስ ነው እንላለን።

የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ኮምፒዩተር ይፋ ሲያደርግ፥ የዲስኩን ትራክ በእኩል ክፍል ቈራርጦ አላቀረበም። የብሎኩን ርዝመት የመወሰን ሥልጣን ለፕሮግራም ጸሐፊው ተወ። በዚህ ሥርዐት ከእያንዳንዱ ብሎክ በፊት አድራሻውንና ርዝመቱን የሚናገር ምልክት ይጻፋል፤ ሲፈለግም ቁልፍ ይጨመርለታል፤ መረጃው ከዚያ ይከተላል። በመካከላቸውም ባዶ ክፍተት ይተዋል። ብሎኩ ትንሽም ሆነ ትልቅ ይህን ግብር ሳይከፍል አያልፍም።

ለምሳሌ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 የወጣውን 3390 ዲስክ እንውሰድ። ትራኩ በአንድ ብሎክ ብቻ ቢሞላ 56,664 ባይት ይይዛል። ባለ 80 ባይት መዝገቦችን ያለ ቁልፍ አንድ በአንድ ብንጽፍበት ግን የሚገቡት 78 ብቻ ናቸው፤ ይኸውም 6,240 ባይት መሆኑ ነው። እነዚያኑ መዝገቦች 349 እያደረግን በ27,920 ባይት ብሎክ ብናስራቸው ሁለት ብሎክ፥ ማለት 698 መዝገብ ይገባል። አንድ ሚሊዮን መዝገብ በፊተኛው አጻጻፍ 12,821 ትራክ ሲፈጅ፥ በኋለኛው 1,433 ይበቃዋል።

ትልቅ ብሎክ ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን ግን አይደለም። አንድ መዝገብ ብቻ ለሚፈልግ ሥራ ግማሽ ትራክ ማንበብ ድካም ነው። ባለ 4,096 ባይት ብሎኮች በአንድ ትራክ 12 ገብተው 49,152 ባይት መያዛቸው መካከለኛ መንገድ እንዳለ ያሳያል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚሉ ይኖራሉ። በእርግጥ የሚሽከረከረው 3390 ከገበያ ወጥቷል። ይሁን እንጂ ሜይንፍሬም ኮምፒዩተሮች ዛሬም ማከማቻቸውን በ3390 ትራክ ይቈጥራሉ፤ አዲሱም መሣሪያ የአሮጌውን ልክ እንደ ያዘ ይታዘዛል። ስለዚህ በግዴለሽነት የተመረጠ የብሎክ ርዝመት ዛሬም ቦታና ገንዘብ ያባክናል።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ በፈተና ላይ «ትራኩ ስንት ይይዛል?» ብለው ከሚጠይቁን፥ የመዝገቡን ርዝመት ሰጥተው «ስንት ይገባል? ለምንስ?» ይበሉን። እኛም ተማሪዎች ዲስኩ ሞላ፥ ሌላ ይገዛ ከማለታችን በፊት እርሳስ አንሥተን እናስላ።