አንደኛ መውጣት ምን ይጠቅማል? የአሜሪካ ኮሌጆች ሆኪና የሩቅ መንገድ ጣጣ

በአሜሪካ ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ የውድድር ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የቆየ ቡድን፣ የመጋቢቱ ጥሎ ማለፍ ሲመጣ ምን ይሸለማል? የደርሶ መልስ ጨዋታ የለመደ የእግር ኳስ ተመልካች «የመልሱን ጨዋታ በሜዳው ያደርጋላ!» ሊል ይችላል። እዚያ ግን መልስ ብሎ ነገር የለም። ጨዋታው አንድ ነው፤ የተሸነፈ ሻንጣውን ይሸክፋል። ሜዳውም ገለልተኛ ነው ይባላል። ጣጣው የሚጀምረው ታዲያ እዚህ «ይባላል» ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ባለው አሠራር በወንዶቹ ውድድር 16 ቡድኖች በአራት ከተሞች ይደለደላሉ። በየከተማው ሁለቴ ያሸነፈ «ፍሮዝን ፎር» ወደሚባለው የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች መድረክ ያልፋል። በደረጃ ከ1 እስከ 4 ያሉት የየምድቡ አናት ይሆናሉ፤ በተቻለ መጠንም ለቤታቸው ወደሚቀርበው ከተማ ይላካሉ። ሽልማታቸው ይኸው ቅርበት ነው። ነገር ግን ከተሞቹ የሚመረጡት ማን አንደኛ እንደሚወጣ ሳይታወቅ ነው። አዘጋጁ ኮሌጅ ካለፈ ደግሞ ደረጃው ምንም ይሁን ምን እዚያው ይመደባል።

በ2006 የሆነውን እንይ። ሚኒሶታ የምድቡ አናት ሆኖ የተላከው ግራንድ ፎርክስ ወደምትባል ከተማ ነው፤ የባላንጣው የኖርዝ ዳኮታ ሜዳ! 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ የመጣው ሆሊ ክሮስ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ጣለው። ሆሊ ክሮስን በማግስቱ ያሰናበተው ማን ነው? ባለሜዳው ኖርዝ ዳኮታ፣ 5 ለ 2።

የ2015ቱ ይብሳል። ፕሮቪደንስ ኮሌጅ በደረጃ 15ኛ ሆኖ ሳለ የተመደበው በገዛ ከተማው ነው። የምድቡ አናት ማያሚ ከኦሃዮ ድረስ መጥቶ በተጋጣሚው ደጋፊ መሐል 7 ለ 5 ተሸነፈ። ፕሮቪደንስ ዴንቨርንም 4 ለ 1 አሸንፎ ወደ ቦስተን አመራ፤ በፍጻሜውም ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 4 ለ 3 ረታ። ዋንጫውን ያነሳው ከቤቱ 100 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ነው።

እንግዲህ ሩቅ የተጓዘ ሁሉ ይሸነፋል ማለት ነው? አይደለም። በ2009 ቤሚጂ ስቴት ከውድድሩ 16 ቡድኖች የመጨረሻው ነበር፤ ኖትር ዳምን ለኖትር ዳም ሰፈር በቀረበችው ግራንድ ራፒድስ 5 ለ 1 ቀጣው። በ2013 ዬል 15ኛ ሆኖ ገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። በ2019 የአጠቃላይ አንደኛው ሴንት ክላውድ ስቴት ከቤቱ 300 ኪሎ ሜትር በማትሞላው ፋርጎ፣ ከማሳቹሴትስ በመጣው አሜሪካን ኢንተርናሽናል 2 ለ 1 ተሸንፏል። ግብ በሚያንስበትና በረኛ ቀን በወጣለት ጊዜ ሁሉም በሚለወጥበት ስፖርት፣ ለአንድ ምሽት ማንም ማንንም ይጥላል።

ይህ ግን ለአሠራሩ መከላከያ አይሆንም። እንዲያውም የአንደኛው ብልጫ ያን ያህል ቀጭን ከሆነ፣ የሜዳና የደጋፊ ድጋፍ ይበልጥ ውድ ነው ማለት ነው። ዛሬ ያን ውድ ነገር የሚያገኘው ውጤት ያመጣው ሳይሆን ከተማው የተመረጠችለት ነው።

በሴቶቹ ውድድር አራቱ ባለከፍተኛ ደረጃ ቡድኖች ከፍሮዝን ፎር በፊት ያሉትን ጨዋታዎች በሜዳቸው ያስተናግዳሉ። እዚያም የአውሮፕላን ወጪ ለመቀነስ ሲባል ቅርብ ለቅርብ ያሉ ቡድኖች ይጋጠማሉ የሚል ወቀሳ አለ፤ ቢሆንም ማሸነፍ ቤት ያስቀምጣል። በወንዶቹ በኩል ይህን የሚቃወሙ «ትንንሾቹ ዕድል ያጣሉ» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ግን ሆሊ ክሮስም ሆነ ቤሚጂ ያሸነፉት ማንም ሜዳ ስለሰጣቸው አይደለም፤ ተጉዘው ነው። ታዲያ አንደኛ የወጣውን ከቤቱ ማስወጣት ለማን ይጠቅማል?