የመስታወት ጫካና የእንሰት ብብት

«እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» ይባላል። ከዚህ ተረትና «ዐይነ ጉርጥ» ከምትለዋ ስድባችን በቀር ለዚህች ፍጥረት የሰጠናት ቃል ብዙ አይደለም። ሰውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ፤ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ከሃያ የማያንሱ ግጥሞች ሞክሬአለሁ። አባ ኮዳው አለ፣ ዓሣ አስጋሪው አለ፣ የምትጠልቀዋ ጀንበርም (ያለ ልክ) አለች። ዝናብ በጣለ ምሽት ከሐይቁ ዳር እስከ መኝታዬ የሚከተለኝ የእንቁራሪት ዜማ ግን በአንዱም ውስጥ የለም።

ይህን ያስተዋልሁት ባሕር ማዶ በሚኖር አብሮ አደጌ ምክንያት ነው። ሳሎኑ ውስጥ የመስታወት ሣጥን አቁሞ፣ በሙዝና በእርጥብ ቅጠል ሞልቶ፣ የደቡብ አሜሪካን መርዘኛ እንቁራሪቶች ያረባል። ጠዋት ማታ ውኃ ይረጫል፤ መብረር የማይችሉ ጥቃቅን ዝንቦችን የቫይታሚን ዱቄት ነስንሶ ይመግባል። እንቁላሉ ሲፈለፈል አባትየው ጅራታም ልጆቹን በጀርባው አዝሎ ወደ ውኃ ሲወስድ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ልኮልኛል። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ደግሞ እናትየው ልጆቿን በቅጠል ብብት በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ አንድ በአንድ አስቀምጣ፣ እየተመላለሰች ያልዳበረ እንቁላል ትመግባቸዋለች።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የመርዙ ነገር ነው። በኮሎምቢያ የኤምቤራ ሕዝቦች በልማድ የፍላጻቸውን ጫፍ ይቀቡ የነበረው ከወርቃማዋ እንቁራሪት ጀርባ ነው። በመስታወት ውስጥ ተወልዳ ያደገች ግን መርዝ የላትም፤ መርዙ የሚጠራቀመው በጫካው ከምትበላቸው ጉንዳንና መሰል ነፍሳት ነውና። እኛ ባንክ ቤት የምንውል ሰዎች ይህ አይጠፋንም፤ ገቢ ያልተደረገ ወጪ አይሆንም።

«አንተስ ሐዋሳ ላይ ለምን አትጀምርም?» አለኝ። ልቤ ከጅሎ ነበር። በኋላ ግን እንቢ አልሁት፤ አሁንም እንቢ እላለሁ። የእርሱን እንክብካቤ ንቄ አይደለም፤ እንዲያውም እንደ እርሱ በትዕግሥት የሚያይ ገጣሚ ቢኖረን ደስ ባለኝ። ነገር ግን ከአገር አገር የሚጓዝ እንቁራሪት ብቻውን አይጓዝም። በእንስሳት ንግድ ጭምር የተዛመተው የቆዳ ፈንገስ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት መሠረት፣ ቢያንስ 501 ዝርያዎችን አመናምኗል፤ ከእነዚህም 90ዎቹ ጠፍተዋል ተብሎ ይገመታል።

ደግሞስ የመስታወቱ ጫካ የሚኮርጀው ነገር በእጃችን አይደለምን? ማልኮልም ላርገን እ.ኤ.አ. በ1974 አንዲትን የኢትዮጵያ ብቻ የሆነች ትንሽ እንቁራሪት በሳይንሳዊ ስሟ «የእንሰት ነዋሪ» ብሎ ሰየማት፤ በእንሰት ቅጠል ብብት ስለምትጠለል። የባዕድ ሰው ስም እስኪያወጣላት ድረስ እኛ፣ እንሰት በልተን ያደግን፣ አንዲት ስንኝ እንኳ አላዋስናትም።

በልጅነቴ በአጎቴ ጓሮ ከእንሰቱ ብብት እንቁራሪት አውጥቼ በጠርሙስ ከትቼ ነበር። ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት፤ በማግሥቱ ሞታ አገኘኋት። ያ ጓሮ ዛሬ ከግማሽ በላይ ጫት ሆኗል። አጎቴን አልፈርድበትም፤ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይጠይቃል፤ ጫት በዓመት ደጋግሞ ይቈረጣል፤ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም እንሰቱ እስኪደርስ አይጠብቅም። ባለፈው ክረምት ግን «ጋሼ፣ ከቤቱ ጀርባ ያሉትን እንኳ ተዋቸው» ብዬ ለመንሁት።

«ለቆጮው ነው?» አለኝ።

«ለእንቁራሪቷም ጭምር» አልሁት።

ሳቀብኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ከተማ አበላሸህ» አለኝ። ያን ማታ ዝናቡ ሲያባራ ከቤቱ ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ አጎቴም ወሬውን አቁሞ ጆሮውን ሰጠ። እስካሁን ሰባት እንሰቶች አሉ።